ሚዛኑ ሲመለስ ልብ እንዳይመለስ



የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፣ በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ከወትሮው ለየት ያለ ነው። ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ መዝሙር በእነዚህ ገጾች ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሰውነት ክብደት ግን የጻፈ የለም። አንዳንዶቻችሁ «ይህ ደግሞ የዓለም ነገር አይደለምን?» ትሉ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን አንዲት እኅታችን በዚሁ ምክንያት ከመዝሙር ክፍል ስትቀር ካየን በኋላ ዝም ማለት አልቻልንም። ስሟን እንዳንጠራ አደራ ብላ ነገሩን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች።

እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ እርሷም ዓምና በመስከረም ወር ተመረመረች። የደሟ ስኳር ገና ከሕመም ደረጃ አልደረሰም፤ ነገር ግን ከጤናማው ልክ አልፎ ነበር። ክብደቷ 84 ኪሎ ሆነ። የመረመረቻት ነርስ «ስድስት ኪሎ ያህል ብትቀንሺና በየቀኑ ብትራመጂ ትልቅ ነገር ነው» አለቻት። እኅታችን ግን ስድስቱን ትታ ሃያ ኪሎ ብላ ተነሣች። እኛም ሦስታችን አብረናት መራመድ ጀመርን። በሸርቆሌ ፀሐይ ከበረታች በኋላ መንገድ መውጣት ቅጣት ስለሆነ፣ ማለዳ ኪዳን ከደረሰ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እንሄድ ነበር። የሰው መመዘኛ በየቤታችን የለም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ እንመዘን ነበር። የማሽላ ጆንያ በሚወጣበት ሚዛን ላይ መቆም ያሥቀን ነበር፤ ኋላ ግን ሣቁ ዋጋ አስከፍሎናል።

ለጥምቀት 77 ኪሎ ደረሰች። ሰባት ኪሎ በአራት ወር መሆኑ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ «አሁንማ እንደ ውኃ ይወርዳል» አልን። አልወረደም። 55ቱን ቀን ሙሉ ሚዛኑ 77 ላይ ተተክሎ ቀረ። ትንሣኤ በዋለ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ስትመዘን 79 ተኩል ሆነ። በዚያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ እህል ሊሸጡ የመጡ ሰዎች እየሰሙ፣ «ዶሮ ወጡም አብሮ ተመዘነ» ብሎ ቀለደ። ሁላችንም ሣቅን። እርሷም ሣቀች። በሚቀጥለው እሑድ ለመዝሙር ጥናት አልመጣችም፤ በተከታዩም፤ በሦስተኛውም። ማለዳ የምንሄድበትንም መንገድ ተወችው።

ይህን ያነበበ ሰው ሁለት ኪሎ ተኩል ያን ያህል ያስለቅሳልን ይል ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመን ስለ ሁለቱ ኪሎ ተኩል እንናገር። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ስብ መጨመር ለሰው የሚቻል ነገር አይደለም ማለት ይቻላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ኃይል ይዟል። ሁለት ኪሎ ተኩሉ 19,250 ይመጣል። ይህን በሦስት ቀን ለማከማቸት አንዲት ሴት ለራሷ ከሚያስፈልጋት በላይ በየቀኑ የሌላ ሦስት ሰው ምግብ መብላት አለባት። ታዲያ ሚዛኑ ላይ የታየው ምን ነበር? አብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነታችን ከእንጀራና ከዳቦ የሚያገኘውን ኃይል በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይይዛል። ጾም ሲረዝም ይህ ጎተራ ይጎድላል፤ በበዓል ሲሞላ ውኃው አብሮ ይመለሳል። የወጡ ጨው የሚይዘው ውኃና በሆድ ውስጥ ያለው ምግብ ሲታከልበት ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሞላ አያስደንቅም። በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ አብዛኛው ይወርዳል። እኛ ቆለኞች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር፤ በዚህ ሙቀት ስንሠራ ውለን ብንመዘን አንድ ኪሎ ቀንሰን ልንገኝ እንችላለን፣ ውኃ ስንጠጣ ግን ይመለሳል። በላብ የወጣውን «ቀነስኩ» ብሎ መደሰትና በበዓል ማግሥት የገባውን «ወፈርኩ» ብሎ ማልቀስ አንድ ዓይነት ስሕተት ነው።

የጾሙ ወራት ያለ ለውጥ ማለፉም የራሱ ምክንያት አለው። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን የምንበላው በዘይት የተጠበሰ ፓስቲ፣ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ከሆነ ክብደት ባይቀንስ ሊገርመን አይገባም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው። በአራት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሻይ በቀን አራት ብርጭቆ ከሆነ ከ60 ግራም በላይ ስኳር ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ረመዳን ሲወጣ ይህንኑ ሲናገሩ ሰምተናል፤ ቀኑን የጾሙትን ማታ ይሞሉታል። በዚህ ላይ ሰውነት በቀለለ ቁጥር ለመንቀሳቀስ የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል፤ 84 ኪሎ ተሸክሞ መራመድና 77 ኪሎ ተሸክሞ መራመድ እኩል አይደለም። ስለዚህ በመስከረም ኪሎ ያስቀነሰው መንገድ በመጋቢት ባለበት የሚያቆም ብቻ ሊሆን ይችላል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። ጾምን የክብደት መቀነሻ አድርጎ መያዝ ራሱ ጥፋት ነው ብለን እናምናለን። ጾሙ ሲያልቅ ሚዛኑ ካልወረደ ጾሙ ከንቱ የቀረ ይመስላልና። እኅታችንም ያሰበችው ይህንኑ ነበር፤ «እግዚአብሔርም ድካሜን አላየልኝም» እስከ ማለት ደርሳ እንደ ነበር ኋላ ነግራናለች። ጾሙ ለሌላ ነገር ነበር፤ እኛም «እንደ ውኃ ይወርዳል» ስንል ሁለቱን ያደባለቅነው እኛው ነን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኅታችንን ያስቆማት የዶሮ ወጡ አይደለም፤ ከዶሮ ወጡ በኋላ የመጣው «ከእንግዲህማ ተበላሸ» የሚለው አሳብ ነው። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የምንማረው ስለዚህ ነገር የተጻፈ ስንፈልግ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ፒተር ሄርማንና ደቦራ ማክ ያሳተሙትን አንድ ሙከራ አገኘን። ተማሪዎችን ሰብስበው ለአንዳንዶቹ ጣፋጭ የወተት መጠጥ ሰጧቸው፤ ለሌሎቹ አልሰጡም። ቀጥሎ አይስክሬም አቅርበው እንደ ልባችሁ ቅመሱ አሏቸው። ምግባቸውን የማይቆጥሩት ተማሪዎች ወተቱን ከጠጡ በኋላ አይስክሬሙን ቀነስ አድርገው በሉ፤ ሆዳቸው ስለ ሞላ ነው። ክብደታቸውን ለመጠበቅ የሚታገሉት ግን ተቃራኒውን አደረጉ። ወተት ያልጠጡት ተቆጥበው ሲበሉ፣ የጠጡት ከእነርሱ አብልጠው በሉ። በተከታዩ ዓመት ጃኔት ፖሊቪ ነገሩን የበለጠ ግልጽ አደረገችው፤ አንዱን ምግብ ለአንዳንዶቹ «ይህ ከባድ ነው»፣ ለሌሎቹ «ይህ ቀላል ነው» ብላ ሰጠች። የሚታገሉት ሰዎች ከባድ ነው ሲባሉ ከዚያ በኋላ የበለጠ በሉ። እንግዲህ ሥራውን የሠራው የበሉት ምግብ ሳይሆን «ሕጌን አፈረስኩ» የሚለው እምነት ነው። አለን ማርላት የተባለ ሌላ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ መጠጥና ሌላ ሱስ ለመተው የሚታገሉ ሰዎችን አጥንቶ ወደዚሁ ደረሰ፤ አንድ ጊዜ መሰናከል አንድ ነገር ነው፣ ወደ ቀድሞው ኑሮ ጨርሶ መመለስ ሌላ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ድልድይ ሰው ስለ መሰናከሉ ለራሱ የሚነግረው ነው።

ይህን ስናነብ አባቶቻችን ከብዙ ዘመን በፊት የተናገሩት መሆኑ ትዝ አለን። ቅዱስ ጴጥሮስም ይሁዳም በአንዲት ሌሊት ወደቁ። አንዱ መራራ ልቅሶ አልቅሶ ተመለሰ፤ ሌላው ተጸጽቶ ሳለ ተስፋ ቆርጦ ጠፋ። ሁለቱንም የለያቸው ውድቀቱ አልነበረም። በሰኔ 24 የምናስበውን ሙሴ ጸሊምንም ተመልከቱ። ሽፍታ የነበረ ሰው ነው፤ ከመነኰሰ በኋላም የቀድሞው ምኞት አልለቀቀውም፤ በበዓቱ መቀመጥ አቅቶት ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባ ኤስድሮስም አልተቈጣውም፣ ወደ ሰገነት አውጥቶ ከሚዋጉት ይልቅ የሚረዱት ብዙ መሆናቸውን አሳየውና ወደ በዓትህ ተመለስ ብሎ ሰደደው። ወደ ሌላ ገዳም አልሰደደውም፤ አዲስ ሥርዓትም አላወጣለትም። መብል ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም፤ በትንሣኤ ዶሮ መብላት ኃጢአት ከሆነ ሁላችንም ጠፍተናል። ነገር ግን አባቶች ሐኬት የሚሉት፣ ልብን አዝሎ «ምን ይጠቅመኛል» የሚያሰኘው መንፈስ፣ በጸሎትም በሚዛንም ላይ ሲመጣ ድምፁ አንድ ነው።

ደግሞ ሁሉንም ነገር በልብ ድካም ብቻ ማመካኘት አይገባም፤ ሥጋም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪይስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በግማሽ ረኃብ አቆያቸው። በጦርነቱ የተራቡትን የአውሮፓ ሰዎች እንዴት እንደሚመግቡ ለማወቅ ነበር። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የሚያስደንቀው ግን ልባቸው የሆነው ነው። ንጹሕና ጠንካራ የነበሩት ወጣቶች ተነጫናጮች ሆኑ፤ ከሰው ሸሹ፤ ቀን ስለ ምግብ አወሩ፣ ሌሊት ስለ ምግብ አለሙ፤ አንዳንዶቹ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ሰብስበው ያነብቡ ነበር። ሲበሉ ልባቸው ቀስ በቀስ ተመለሰላቸው። እንግዲህ ምግቡን ከልክ በላይ የቀነሰ ሰው ቢበሳጭና ቢያለቅስ ጠባዩ ስለ ከፋ ወይም እምነቱ ስለ ጎደለ አይደለም። ሰውነቱ እየጮኸ ነው። ከእኛ መካከል ቁርስና ምሳን ትተው በሻይ ብቻ ሊውሉ የሞከሩ ነበሩ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብብ ሁሉ መቀነስ አለበት ማለታችንም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 በመቶ ከሚገባው በላይ ቀጫጮች ነበሩ፤ ከልክ በላይ ክብደት የነበራቸው 8 በመቶ ናቸው። ከእኛም መካከል መጨመር የሚያስፈልጋቸው ይበዛሉ። ነገሩ በሐኪም ወይም በጤና ባለሙያ ይታይ፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ስለ ጾሙ ከባለሙያውም ከንስሐ አባቱም ጋር ይማከር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለሕመምተኛ የምታዝን እናት ናት።

እኅታችንን ከሰው ያራቃት ሌላም ነገር አለ። በእኛ ሀገር መክሳት ደግ ወሬ አይደለም። ሰባቱን ኪሎ በቀነሰች ጊዜ ያገኛት ሁሉ «ምነው ከሳሽ? አመመሽ ወይ?» ይላት ነበር። ትንሽ ስትመለስ ደግሞ «አሁን ሰው መሰልሽ» አሏት። ሁለቱም ቃል ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሁለቱም ግን ይከብዳል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ስለሆነ ግብዣው አይቋረጥም፤ በየቤቱ «በሞቴ ብዪ»፣ «አፈር ስሆን» ይባላል። በሞቴ የተባለን ጉርሻ ማን ይመልሳል? እኛም መመለስ አለባት አንልም። ጉርሻውን በደስታ ጎርሶ፣ የራስን ቁራሽ ግን አሳንሶ መቁረስ ይቻላል፤ «እናቴ ታማለች፣ እኔንም ነርሷ መክራኛለች» ብሎ እውነቱን መናገርም ይቻላል። የሕመም ነገር ሲነሣ እናቶቻችን ፈጥነው ይረዳሉ። የከበደው ከጎረቤት የመጣው አልነበረም፤ ከእኛ የመጣው ነበር።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሁለታችን ወደ ቤቷ ሄድን። ስለ ክብደት ላንናገር በመንገድ ላይ ተማምለን ነበር። ስለ ሣቁ ይቅርታ ጠየቅን፤ ስለ ጰራቅሊጦስ መዝሙር ነገርናት፤ ከበሮውን የሚመታው ልጅ ምቱን እንደሚያበላሽ ስንነግራት ከት ብላ ሣቀች። ቡና ተፈልቶ፣ ማንጎ ቀርቦ ብዙ ከቆየን በኋላ ራሷ አነሣችው። «ሃያ ብዬ ሰባት ላይ ቀረሁ፤ እርሱንም መለስኩት» አለች።

በዚያን ጊዜ ነበር ቁጥሩን አብረን ያሰብነው። በአሜሪካ 3,234 ሰዎች የተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ሁሉም እንደ እኅታችን ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ገና ግን ያልታመሙ ነበሩ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ የተመደቡት ክፍል፣ ምንም መድኃኒት ከሌለው ኪኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ከ84 ኪሎ 7 በመቶ ስንት ነው? ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ነርሷ ስድስት ያለቻት ከዚህ ተነሥታ ይመስለናል። እኅታችን ለጥምቀት ዒላማውን አልፋው ነበር። በዚያ በከፋው ቀን፣ ሁሉ ሲሥቅባት፣ ከመነሻዋ አራት ኪሎ ተኩል ዝቅ ብላ ቆማ ነበር። ሃያ የሚለውን ቁጥር ያወጣው ማንም ሐኪም አይደለም፤ የተሸነፈችው ራሷ ባወጣችው ቁጥር ነው። ይህን ስትሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም ወረቀት አስመጥታ ራሷ በእርሳስ ደግማ አሰላችው።

ስለ ደራርቱ ቱሉም አወራን። ሁላችን የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎናና በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ማግኘቷን ነው። በመካከል ያለውን ስምንት ዓመት የሚያወራ የለም። በ1996 በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ጫማዋ ወልቆ ከኋላ ተነሥታ አራተኛ ወጣች፤ በዚያው ዓመት በአትላንታ ኦሊምፒክ ጉዳት ይዟት እንደገና አራተኛ ሆነች፤ በ1998 ልጅ ወለደች። ከዚያ በኋላ ነው በሲድኒ 30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ የሮጠችው። እርሷ አሠልጣኝ የነበራት አትሌት ነበረች፤ እኛን ከእርሷ ጋር ማወዳደራችን አይደለም። ጫማው ሲወልቅ ግን ለሁሉም ያው ነው። በአካባቢያችን ወርቅ የሚያጥቡ እናቶችም ቀኑን ሙሉ አሸዋ አጥበው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበት ቀን ብዙ ነው፤ በማግሥቱ ወደዚያው ወንዝ ይወርዳሉ።

አሁን አሠራራችንን ለውጠናል። በእህል መጋዘኑ ሚዛን የምንመዘነው ገበያተኛ ሳይመጣ ነው፤ ቁጥሩንም ባለቤቱ ካልተናገረ ማንም አይጠይቅም። መመዘኑን ጨርሶ መተው ግን ጥሩ ሆኖ አላገኘነውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ አንድ መዝገብ አለ፤ ከ13 ኪሎ በላይ ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት ነው። ብዙዎቹ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፤ አዘውትረው የሚሠሩትም መራመድ ነው። ደግሞ ያንን ክብደት ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆየ ሰው ከዚያ በኋላ የመጽናት ዕድሉ በጣም እንደሚጨምር ከእነርሱ ታውቋል። እኛ የጨመርነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በደብተራችን ከኪሎው ጎን የተራመድንበትን ቀን እንጽፋለን፤ የቀረንበትን ቀን ግን አናሰላም። ከቀረን ቀን በኋላ የተመለስንበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ እናከብበዋለን። ይህን አሳብ ያመጣችው እኅታችን ናት፤ በደብተሯ ላይ ከሁላችንም ይልቅ ቀይ የበዛው የእርሷ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ተመዝና 78 መሆኑን ራሷ ነገረችን። ከሁለት ሳምንት በፊት 77 ተኩል ነበር። «ሠርግ ነበረብን» አለችና ወረደች፤ ቀጥሎ የሚመዘነውንም ና ውጣ አለችው። እሑድ ለመዝሙር ጥናት ከሁላችን ቀድማ መጥታ ከበሮውን ለልጁ ስታሳየው አገኘናት።